ስለ ኤይባር እግር ኳስ ክለብ ታሪክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የስፔን እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ኤይባርን ያውቃል። ከ2014 እስከ 2021 ለሰባት የውድድር ዓመታት ስሙን ከእነ ባርሴሎናና ሪያል ማድሪድ ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ስናይ ነበር። ክለቡ ሲነሳ ግን ወሬው ብዙ ጊዜ «ከተማዋ ትንሽ ናት» ላይ ያልቃል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ያለ ዕዳና ያለ ቱጃር ባለቤት እዚያ መድረሱ ነው። ስለዚህ ከታች ባሉት መልሶች ውስጥ ስለ ገንዘብ በደንብ አወራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤይባር የት ናት? በእርግጥስ ምን ያህል ትንሽ ናት?

ሰሜን ስፔን፣ በባስክ ምድር፣ ጊፑስኮዋ በሚባለው ግዛት ውስጥ ናት። በቢልባኦና በሳን ሴባስትያን መካከል ትገኛለች። ነዋሪዎቿ 27 ሺህ ገደማ ናቸው። ሕፃን አዋቂ ሳይቀር ሁሉም ተጠራርተው የድሮው ካምፕ ኑ ቢገቡ፣ የስታዲየሙን ሩብ ወንበር ትንሽ አለፍ ቢያደርጉ ነው። በላሊጋ ታሪክ የኤይባርን ያህል ትንሽ የሆነ ከተማ ክለቡን ለዋናው ሊግ አብቅቶ አያውቅም።

ከተማዋ የተቀመጠችው በተራሮች መሀል ባለ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሜዳማ ቦታ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ፋብሪካውም መኖሪያውም ሽቅብ ነው የተሠራው። ዳገቱ ከባድ ስለሆነ በየመንገዱ ለእግረኛ የተተከሉ ሊፍቶችና ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች አሉ። ስታዲየሙ ራሱ ከተራራው ጥግ የተሸጎጠ ነው። ካሜራው ወደ ላይ ቀና ሲል ከመቀመጫዎቹ ጀርባ የአፓርታማ በረንዳዎች ይታያሉ።

ለምን «ጠመንጃ ሠሪዎቹ» ይባላሉ?

አርሴናልን «መድፈኞቹ» የምንልበት ምክንያት እና ይሄኛው ይቀራረባሉ። ኤይባር ለዘመናት የጦር መሣሪያ ከተማ ነበረች። ጠመንጃና ሽጉጥ የሚሠሩ ትልልቅና ትንንሽ አውደ ጥናቶች ሞልተውባት ነበር። ስታር የሚባለው ሽጉጥ የተሠራው እዚያ ነው። ዛሬ በብስክሌት የምናውቀው ኦርቤያ በ1840 እዚያው ኤይባር ሲመሠረት ጠመንጃ ሠሪ ነበር። ቢ ኤች የተባለው ብስክሌት አምራችም ጅምሩ በዚችው ከተማ፣ በ1909፣ በጦር መሣሪያ ነው።

የመሣሪያ ገበያው ሲቀዘቅዝ የኤይባር ባለሙያዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። የጠመንጃ አፈሙዝ የሚቀርጽ እጅ የብስክሌት ቱቦ መሥራት አያቅተውም። አልፋ የሚባለው ፋብሪካ ደግሞ በ1920 በሠራተኞች ኅብረት ሥራ ተመሥርቶ ከሽጉጥ ወደ ልብስ ስፌት መኪና ዞረ። እንግዲህ ሠራተኛው ራሱ ባለድርሻ የሚሆንበት አሠራር ለዚች ከተማ አዲስ ነገር አልነበረም። ይህንን ያዙልኝ፤ ወደ 2014 ስንመጣ ያስፈልገናል።

ክለቡ መቼ ተመሠረተ?

በ1940። በከተማዋ የነበሩ ሁለት ቡድኖች ተዋህደው ነው የተመሠረተው። አንዱ ዴፖርቲቮ ጋዮ፣ ሌላው ዩንዮን ዴፖርቲቫ ኤይባሬሳ ይባል ነበር።

ዓመቱን ልብ በሉ። ኤይባር የስፔን ሁለተኛ ሪፐብሊክ ከሁሉ ቀድሞ የታወጀባት ከተማ ናት፤ ኤፕሪል 14 ቀን 1931፣ ገና በማለዳው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ በ1937 በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበች። ጦርነቱ ያበቃው በ1939 ነው። ክለቡ የተወለደው በዓመቱ ነው፤ ገና ፍርስራሹ ባልተነሳበት ከተማ ውስጥ። ሰዎች ቤታቸውን መልሰው እየሠሩ ጎን ለጎን የእግር ኳስ ቡድን ማቋቋማቸው በጣም ልቤን ይነካኛል።

ማሊያው የባርሴሎናን ይመስላል። ሰማያዊና ደማቅ ቀይ ነው።

ከ2014 በፊት የት ነበሩ?

አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በታችኛው ሊግ ነው። በ1950ዎቹ ለጥቂት ዓመታት ሁለተኛ ዲቪዚዮን ደርሰው ወረዱ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ።

ነገሩ የተቀየረው በ1988 ነው። ዳግመኛ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ገቡና እስከ 2006 ድረስ፣ 18 የውድድር ዓመት ሳይወርዱ ቆዩ። ይህ ዋዛ አይደለም። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ማለት ትልልቅ ክለቦች ወርደው የሚንፈራገጡበት፣ ለመመለስ ብለው ገንዘብ የሚረጩበት ቦታ ነው። ኤይባር በየዓመቱ ከዝቅተኞቹ በጀቶች በአንዱ እዚያ ይሰነብት ነበር። በእኔ አስተያየት የክለቡ ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፤ ማንም ስለማያይ ግን ማንም አያወራለትም።

በ2006 ወረዱ። በ2007 ተመለሱ። በ2009 እንደገና ወረዱና አራት ዓመት ሦስተኛ እርከን ላይ ቆዩ።

ዣቢ አሎንሶና ዴቪድ ሲልቫ እውነት ኤይባር ተጫውተዋል?

አዎ፣ ሁለቱም በውሰት መጥተው ነው።

አሎንሶ እዚያው ጊፑስኮዋ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። በ2000 ክለቡ ሪያል ሶሲዬዳድ ልምድ እንዲያገኝ ብሎ ወደ ኤይባር ላከው። ብዙም አልቆየም። ሶሲዬዳድ ሲቸገር አሰልጣኙ ጆን ቶሻክ በውድድሩ አጋማሽ መልሶ ጠራው፤ በዚያ ዕድሜውም የአምበልነቱን ጨርቅ አሰረለት።

ሲልቫ ደግሞ በ2004 ክረምት ከቫሌንሲያ ሲመጣ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ቀጭን፣ አጭር፣ ግራ እግሩ ግን የሚያወራ። የተላከውም ተከላካይ ርኅራኄ ወደማያውቅበት፣ ዝናብ ወደማይለየው፣ ሜዳው ወደሚጠብበት ቦታ ነው። እዚያ ያልተሰበረ ልጅ የትም አይሰበርም። በዚያ ዓመት ቡድኑ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። የሚያልፉት ሦስት ስለነበሩ ላሊጋ ለጥቂት አመለጠቻቸው። አሰልጣኙ ሆሴ ሉዊስ ሜንዲሊባር ነበር፤ ስሙን አትርሱት።

ሁለቱ ተጫዋቾች በ2010 የዓለም ዋንጫ አንስተዋል። ከዚያም በኋላ ኤይባርን አልረሱም። ክለቡ በ2014 ሲቸገር ስማቸውን ይዘው ከፊት ከቆሙት ውስጥ ናቸው።

ላሊጋ እንዴት ገቡ?

በሁለት ተከታታይ ዓመት ሁለት እርከን ዘልለው ነው። አሰልጣኙ ጋይስካ ጋሪታኖ የክለቡ የቀድሞ አማካይ ነው። በ2012 ዋናውን ቡድን ሲረከብ ቡድኑ ገና ሦስተኛው እርከን ላይ ነበር። በዚያው ዓመት በንጉሡ ዋንጫ አትሌቲክ ቢልባኦን ጣሉት። በሜዳቸው ያለ ግብ አቻ ወጡ፤ በቢልባኦ ሜዳ ሳን ማሜስ ላይ 1 ለ 1 ወጥተው ከሜዳ ውጪ ባገቡት ግብ አለፉ።

በ2013 ሁለተኛ ዲቪዚዮን ገቡ። አዲስ ገቢ እንደመሆናቸው የተጠበቀባቸው ላለመውረድ መታገል ነበር። እነሱ ግን ሊጉን በሻምፒዮንነት ጨረሱት። ሜይ 25 ቀን 2014 በሜዳቸው አላቬስን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ላሊጋ መግባታቸው ተረጋገጠ።

ሊጉን አሸንፈው ሳለ «ወደ ታች ትወርዳላችሁ» ተባሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ከዚህ ታሪክ ሁሉ መታወቅ ያለበት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስፔን በ1990 ባወጣችው የስፖርት ሕግ የፕሮፌሽናል ክለቦች ወደ አክሲዮን ማኅበርነት እንዲለወጡ ተደረገ። ከዚህ ነፃ የሆኑት አራት ናቸው፤ ሪያል ማድሪድ፣ ባርሴሎና፣ አትሌቲክ ቢልባኦና ኦሳሱና። በ1999 የወጣ ድንጋጌ ደግሞ እያንዳንዱ ክለብ ሊኖረው የሚገባውን ዝቅተኛ ካፒታል ወሰነ። ስሌቱ እንዲህ ነው። የሁለተኛ ዲቪዚዮን ክለቦችን ዓመታዊ ወጪ ይሰበስባሉ። በጣም ብዙ ያወጡትን ሁለት እና በጣም ትንሽ ያወጡትን ሁለት ይተዋሉ። የቀሩትን አማካይ ወስደው ከዚያ ላይ ሩቡን ያሰላሉ። የክለቡ ካፒታል ከዚያ ማነስ የለበትም።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። ሌሎቹ ክለቦች ብዙ ባወጡ ቁጥር፣ ተበድረውም ቢሆን፣ አማካዩ ከፍ ይላል። ትንሽ የሚያወጣው ክለብ ምንም ሳያጠፋ የሚጠየቀው ካፒታል ይጨምራል። ኤይባር በወቅቱ ዕዳ አልነበረበትም። ገቢና ወጪው ተመጣጥኖ የሚያድር ክለብ ነበር። ካፒታሉ ግን 422 ሺህ ዩሮ ገደማ ብቻ ነው። ሕጉ የሚለው 2 ሚሊዮን 146 ሺህ ይሁን ነው። ስለዚህ እስከ ኦገስት 6 ቀን 2014 ድረስ 1 ሚሊዮን 724 ሺህ ዩሮ ገደማ መጨመር ነበረባቸው። ካልሆነ በሜዳ ላይ ያገኙት ሁሉ ቀርቶ ወደ ሦስተኛው እርከን ሊወርዱ ነው።

ሕጉ የወጣው ክለቦችን ከኪሳራ ለመጠበቅ ነበር። በዚያን ጊዜ በስፔን ለግብር ሰብሳቢው ብቻ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዕዳ የተሸከሙ ክለቦች ነበሩ። እነሱ ካፒታላቸው ወረቀት ላይ ስለሚበቃ የሚነካቸው የለም። ያልተበደረው ይቀጣል። ይሄ ፍትሕ አይደለም፤ ያኔም አልነበረም፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ታዲያ ገንዘቡን ከየት አመጡት?

ከሕዝብ። «ኤይባርን ተከላከል» የሚል ዘመቻ ከፈቱ። አንዱ አክሲዮን 50 ዩሮ ነበር። ማንም ሰው ከየትም አገር ሆኖ በኢንተርኔት መግዛት ይችላል። የእኛ ሰው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

በጣም የምወድላቸው ውሳኔ አንድ ነው። ለአንድ ገዢ ከ100 ሺህ ዩሮ በላይ አንሸጥም አሉ። ቀኑ እየገፋ፣ አንድ ቱጃር በአንድ ቼክ ሊገላግላቸው በሚችልበት ሰዓት፣ ያንን በር ራሳቸው ዘጉት። ክለቡ በአንድ ሰው እጅ እንዲወድቅ አልፈለጉም። የጊዜው ፕሬዚዳንት አሌክስ አራንሳባል ነበር። ሰው በሃምሳ በሃምሳ ዩሮ ገዛ። የከተማው ነዋሪ ገዛ፤ የባስክ ሰው ገዛ፤ ኤይባርን በካርታ ላይ ፈልጎ ያገኘ የሌላ አገር ሰውም ገዛ። ቀነ ገደቡ ሳይደርስ፣ ጁላይ ላይ፣ ገንዘቡ ሞላ።

የአልፋን ነገር ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ድርሻን አዋጥቶ በጋራ መሥራት በኤይባር የቆየ ባህል ነው።

አሁን የክለቡ ባለቤት ማን ነው?

በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ከ10 ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች። ፕሬዚዳንቷ ከ2016 ጀምሮ አማያ ጎሮስቲሳ ናት።

የመጀመሪያው የላሊጋ ጨዋታቸው ምን ነበር?

ኦገስት 24 ቀን 2014፣ በሜዳቸው፣ ከማን ጋር ቢባል ከሪያል ሶሲዬዳድ ጋር። የግዛቷ ትልቅ ክለብ፣ የጎረቤት ክለብ፣ አሎንሶን ያዋሳቸው ክለብ። ከመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ ላይ ሃቪ ላራ ቅጣት ምት አክርሮ አገባ። 1 ለ 0 አለቀ። ክለቡ በ74 ዓመቱ የመጀመሪያውን የላሊጋ ጨዋታ አድርጎ፣ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነጥብ።

በ2015 ወርደው ነበር ወይስ አልወረዱም?

በሜዳ ወርደው ነበር፤ በወረቀት ተመለሱ።

የመጀመሪያውን ዙር በ27 ነጥብ ጨረሱ። ሁሉም ሰው «እነዚህስ አውሮፓ ይገባሉ» ማለት ጀመረ። ከዚያ ቡድኑ ተንኮታኮተ። በሁለተኛው ዙር ያገኙት ስምንት ነጥብ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ራሳቸው በመጨረሻው ቀን ኮርዶባን 3 ለ 0 ሲያሸንፉ የመጡ ናቸው። ያም አልበቃም። ዴፖርቲቮና ግራናዳም እንደነሱ 35 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ኤይባር በእርስ በርስ ውጤት ተበልጦ 18ኛ ሆነ።

ጋሪታኖ ኃላፊነቱን ወስዶ ለቀቀ። ከዚያ ጁን ላይ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። 13ኛ ሆኖ የጨረሰው ኤልቼ የግብር ዕዳውን ባለመክፈሉ በሊጉ ውሳኔ እንዲወርድ ተደረገ። ባዶውን ቦታ ያገኘው ኤይባር ነው።

«ዕድለኞች ናቸው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አልስማማም። ዓመት ሳይሞላው በፊት ዕዳ የሌለበት ክለብ በካፒታል ማነስ ሊወርድ ነበር። አሁን ደግሞ ሕጉ ዕዳ ያለበትን ቀጣ። ሒሳቡን አስተካክሎ የያዘ ክለብ ከሌላው ጥፋት ቢጠቀም ምኑ ላይ ነው ዕድሉ? ለኤልቼ ደጋፊዎች ግን አዝናለሁ። ሜዳ ላይ ቡድናቸው ሥራውን ሠርቶ ነበር።

ሜንዲሊባር ምን አደረገ?

ከ2015 እስከ 2021 አሰለጠናቸው፤ ስድስት የውድድር ዓመት። የተወለደው ዛልዲባር በምትባል፣ ከኤይባር ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቅ መንደር ነው።

ትንሽ ቡድን ላሊጋ ሲገባ የሚጠበቅበት አሥር ሰው ከኋላ ደርድሮ መከላከል ነው። ሜንዲሊባር ተቃራኒውን አደረገ። ተከላካዮቹን እስከ መሀል ሜዳ ድረስ አስጠጋ። ኳስ በጠፋች ሰዓት ሁሉም ወደፊት እየሮጠ ተጋጣሚውን ያስጨንቃል። ኳሷ ከተገኘች ወዲያው ወደ ክንፍ፣ ከክንፍ ወደ ሳጥን። መሀል ላይ ኳስ ማንሸራሸር የለም። ኢፑሩዋ በሚባለው ስታዲየማቸው ይሄ አጨዋወት ለእንግዳ ቡድን ስቃይ ነበር። ተከላካይ ኳስ ተቀብሎ ቀና ከማለቱ ሁለት ሰው ላዩ ላይ ይደርሳል። ሜዳው ጠባብ፣ ተመልካቹ ከመስመሩ ጥግ፣ ጩኸቱ ከላይ ይወርዳል።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ውጤት እዩት። 14ኛ፣ 10ኛ፣ 9ኛ፣ 12ኛ፣ 14ኛ። ዘጠነኛው፣ የ2017/18ቱ፣ የክለቡ ትልቁ ደረጃ ነው። በነጥብ ግን የሚበልጠው ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ነው፤ 54 ነጥብ።

ሜንዲሊባር ከኤይባር ከወጣ በኋላ ከሴቪያ ጋር የ2023ን ዩሮፓ ሊግ፣ ከኦሊምፒያኮስ ጋር የ2024ን ኮንፈረንስ ሊግ አነሳ። ያኔ ብዙ ሰው «ይሄ ሰውዬ ከየት መጣ?» አለ። ኤይባርን ሲያይ የኖረ ሰው አልገረመውም።

ሪያል ማድሪድንና ባርሴሎናን አሸንፈዋል?

ማድሪድን አዎ። ኖቬምበር 24 ቀን 2018፣ ኢፑሩዋ ላይ፣ 3 ለ 0። ጎንሳሎ ኤስካላንቴ፣ ሰርጂ ኤንሪችና ኪኬ ጋርሲያ አገቡ። በጠባብ ልዩነት ሾልኮ የተገኘ ድል አይደለም፤ ማድሪድ ከሜዳው መውጫ አጥቶ ነው የተሸነፈው።

ባርሴሎናን በላሊጋ አሸንፈው አያውቁም። የሚታወሰው የሜይ 2017 ጨዋታ ነው። የውድድሩ የመጨረሻ ቀን፣ ካምፕ ኑ። ጃፓናዊው ታካሺ ኢኑዊ ሁለት ግብ አግብቶ ኤይባር 2 ለ 0 መራ። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ከዚያ ባርሴሎና ተነስቶ 4 ለ 2 አሸነፈ።

እኔ በግሌ የማልረሳው ሌላ ነው። በጃንዋሪ 2021 ከአትሌቲኮ ማድሪድ ጋር ሲጫወቱ ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ። በረኛው ማርኮ ዲሚትሮቪች ከራሱ ግብ ተነስቶ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። ኳሷን አስቀመጠ። ፊት ለፊቱ የአትሌቲኮው በረኛ ያን ኦብላክ ቆሟል። መትቶ አገባና ወደ ቦታው እየሮጠ ተመለሰ። ጨዋታውን በሱዋሬዝ ሁለት ግቦች 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ አትሌቲኮም በዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

ላሊጋ ላይ የቆዩት በቴሌቪዥን ገንዘብ ነው ይባላል። ልክ ነው?

በከፊል ልክ ነው። እስከ 2015 ድረስ እያንዳንዱ የስፔን ክለብ የቴሌቪዥን መብቱን ለየብቻው ነበር የሚሸጠው። ማድሪድና ባርሴሎና የአንበሳውን ድርሻ ይወስዱ ነበር። በኤፕሪል 2015 የወጣ ድንጋጌ ሽያጩ በጋራ እንዲሆን አደረገ። ከላሊጋው ድርሻ ግማሹ ለሁሉም እኩል ይከፈላል። ሩቡ ባለፉት አምስት ዓመታት ውጤት፣ ሩቡ ደግሞ በደጋፊና በተመልካች ብዛት ይከፋፈላል።

ለኤይባር ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ጥያቄው ግን ገንዘቡን ምን አደረጉበት የሚለው ነው። ተመሳሳይ ገንዘብ ያገኙ ሌሎች ክለቦች በውድ ደመወዝ ጨርሰውት ወድቀዋል። ኤይባር ስታዲየሙን በየደረጃው አሰፋ። ኢፑሩዋ በ1947 የተከፈተ ሜዳ ነው። ላሊጋ ሲገቡ ከ5 ሺህ ትንሽ በላይ ሰው ይይዝ ነበር፤ አሁን 8 ሺህ ገደማ ይይዛል። አንዱን ጥግ ሲጨርሱ ሌላውን እየጀመሩ ነው የሠሩት።

ለምን ወረዱ?

በ2020/21 የውድድር ዓመት 20ኛ ሆነው፣ በ30 ነጥብ። ስታዲየሞች በወረርሽኙ ምክንያት ባዶ የነበሩበት ዓመት ነው። የኢፑሩዋን ጩኸት ማጣት ለዚህ ቡድን ከሌላው የበለጠ ጉዳት ነበረው ብዬ አስባለሁ። ግብ ማግባትም አቃታቸው። ሜይ ላይ ኪኬ ጋርሲያ አላቬስ ላይ ሦስት አግብቶ ትንሽ ተስፋ ሰጠ፤ አልዘለቀም። ቫሌንሲያ ሄደው 4 ለ 1 ሲሸነፉ አበቃ።

ዕዳ ውስጥ ገብተው ተጫዋች በመግዛት ለመትረፍ አልሞከሩም። ስለዚህ ሲወርዱም ክለቡ አልፈረሰም።

ከዚያ በኋላ ለመመለስ አልተቃረቡም?

ተቃርበዋል እንጂ! የ2022ቱ አንጀት ይበላል። ጋሪታኖ ተመልሶ እያሰለጠናቸው ነበር። የመጨረሻው ቀን ላይ አልኮርኮንን ካሸነፉ በቀጥታ ያልፋሉ። አልኮርኮን ደግሞ አስቀድሞ መውረዱ የተረጋገጠ ቡድን ነው። ሰዓቱ አልቆ፣ በጭማሪው ደቂቃ ላይ፣ አልኮርኮን አገባ። 1 ለ 0። ኤይባር ሦስተኛ ሆኖ ወደ ማለፊያ ጨዋታ ተላከና በጂሮና ተሰናበተ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ጂሮና ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ ነበር፤ በሜዳው በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 0 ተሸነፈ።

በ2023 አላቬስ፣ በ2024 ኦቪዬዶ በማለፊያው ጨዋታ አስቀሩት። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከደጃፉ መመለስ ማለት ነው።

እንደ አትሌቲክ ቢልባኦ የባስክ ተጫዋች ብቻ ነው የሚያሰልፉት?

አይደለም። ያ የአትሌቲክ ልማድ ነው። ኤይባር ኢኑዊን ከጃፓን፣ ዲሚትሮቪችን ከሰርቢያ፣ ኤስካላንቴን ከአርጀንቲና አጫውቷል።

ስታዲየሙ ውስጥ የስኮትላንድ ባንዲራ ለምን ይታያል?

«ኤስኮዚያ ላ ብራቫ» የሚባል የደጋፊዎች ቡድን ስላላቸው ነው። ለስኮትላንድ ልዩ ፍቅር አላቸው።

የሴቶች ቡድን አላቸው?

አላቸው፣ ጥሩ ቡድንም ነው። በ2020 ወደ ስፔን ከፍተኛው የሴቶች ሊግ ገቡ። በ2022 ወርደው በ2023 ተመለሱ። ጨዋታቸውንም ኢፑሩዋ ላይ ያደርጋሉ። ወንዶቹ ከ2021 ጀምሮ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ላይ ሲታገሉ፣ ከ2022/23 በቀር ከተማዋን በላይኛው ሊግ ሲወክሏት የቆዩት ሴቶቹ ናቸው። ኤይባርን ከባርሴሎና ጋር በአንድ ሊግ ሲጫወት ማየት የናፈቀው ካለ የሴቶቹን መርሐ ግብር ይመልከት።